የክንድ አባት

በዋንዛ ውኃ የጥምቀት ሜዳ ዳር፣ ታቦታቱ ከሚያድሩበት ድንኳን ትንሽ ዘወር ብሎ፣ አንድ ያረጀ ጎባጣ ዋንዛ አለ። ከቅርንጫፎቹ አንዱ ወደ ሜዳው ተዘርግቶ የወጣ ነው፤ የዚህ ቅርንጫፍ የታችኛው ልጥ በሽመል ጫፍ ሲነካ ሲነካ ተልጦ ልሟል፣ እጅ እንደለመደው እርፍም ያብረቀርቃል። በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ታቦተ ሚካኤል ከመነሣቱ በፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክቶሽ የሚባለውን የሽመል ጨዋታ የሚገጥም ጎረምሳ ሁሉ ወደዚህ ዛፍ ሥር ይመጣል። የምታመጣው እናቱ ናት። ክርኑን ከሥር ይዛ፣ ሽመሉ ቅርንጫፉን እስኪነካ ድረስ ክንዱን ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ ከዚያ ምክቶሽ ላስተማረው ሰው ታስረክበዋለች። ያ ሰው «የክንድ አባት» ይባላል። አጎት ቢሆን፣ ጎረቤት ቢሆን፣ ከቤቱ ጋር የተኳረፈ ሰው እንኳ ቢሆን ያስኬዳል፤ የወለደው አባት ግን በፍጹም አይሆንም። የወለደው አባት በዚያች ሰዓት ወንዙን ተሻግሮ፣ ለሜዳው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል።

እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ግራ ይገባዋል፤ አንዳንዱም ይስቃል። የዋንዛ ውኃ ሽማግሌዎች ሳቁን አይወዱትም። ሆኖም ሰውየውን አይቆጡትም፤ አጠገባቸው አስቀምጠው የስንሻውን ነገር ያወሩለታል፣ ሲጨርሱ እሱም አይስቅም።

እንደሚነገረው፣ በቀድሞው ጊዜ በዋንዛ ውኃ ምክቶሽ የሚወረሰው ከአባት ነበር። ሁለት ጎረምሶች ሽመል ይዘው ይቆማሉ፤ አንዱ ይሰነዝራል፣ ሌላው ይመክታል፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ፤ ጨዋታው ይኸው ነው። አያያዙ ግን የየቤቱ ነበር። የእገሌ ልጅ ከወገቡ ሰበር ብሎ ይመክታል፣ የእገሌ ልጅ ደግሞ ሽመሉን ከትከሻው ላይ ያሽከረክራል እየተባለ፣ ሰው ከሩቅ ሆኖ ልጁን በምከታው ብቻ የማን ልጅ እንደሆነ ይለየው ነበር። ልጁን ሌላ ቤት ልኮ ያስተማረ አባት መሳቂያ ይሆናል። «ምነው፣ አባቱ ሞቷል እንዴ?» ይባልበታል። ስንሻውን ያጠፋው ይህ ወሬ ነው።

ስንሻው በአሥራ አራት ዓመቱ አውድማ ላይ እህል ሲያበራይ አንድ ወይፈን ቀኝ ትከሻውን ወግቶ ጣለው። ወጌሻው አሽቶ፣ አስሮ፣ እንደምንም ከሞት አተረፈው እንጂ፣ ክንዱ ከዚያ ወዲህ ከጆሮው በላይ አልነሣ አለ። ለእርፍና ለማጭድ ይበቃዋል፤ ለምክቶሽ ግን አይሆንም ተብሎ፣ እኩዮቹ ሜዳ ሲወርዱ እሱ ጋቢያቸውን ሲጠብቅ አደገ። በጋቢ ክምር ላይ ተቀምጦ ስንት ጥምቀት እንዳሳለፈ እሱ ነው የሚያውቀው። ሚስት አገባ፤ ሚስቱ ትጓደድም ከብዙ ዓመት ልመና በኋላ አንድ ወንድ ልጅ ወለደችለትና አቻምየለህ አሉት።

ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ ትጓደድ፣ «ወንድሜ ጋ ይሂድና ይማር» ብላ ነበር ይባላል። ስንሻው ግን ዕድሜ ልኩን ጋቢ ጠብቆ፣ አሁን ደግሞ ልጁን ሰው ደጅ ሊሰድ አልፈቀደም። «አባት አለው። እኔው አስተምረዋለሁ» አለ። ከጓሮው ውስጥ የማሽላ አገዳ ይዘው ጀመሩ። ስንሻው ከሜዳ ዳር በዓይኑ የለቀመውን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እግር እንዴት እንደሚተከል፣ ሰው ሊሰነዝር ሲል ትከሻው እንዴት ቀድሞ እንደሚናገር፤ ይህን ሁሉ አስተማረው። ልጁም አባቱን ይወድ ነበርና ያየውን ሁሉ አንድ ሳያጎድል ያዘ።

አቻምየለህ ጎረምሳ ሆኖ ሜዳ ሲወርድ ሰው ሁሉ አያያዙን አየለት። ክንዱን እንደ ሌላው ወደ ላይ አይሰቅልም፤ ጆሮው አጠገብ ያቆመውና ሽመሉን ያጋድመዋል። ግን ምን ጎድሎት? ከወገብና ከጎን የሚመጣውን ሁሉ በዚያች አያያዝ ይመልስ ነበር። «ኩራቱን አያችሁት? ክንዱን ለማንሣት እንኳ ይንቃል» አሉ። «የስንሻው ቤት አያያዝ» የሚል ስምም ወጣለት። ስንሻው ይህን ሲሰማ በደስታ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ፤ ቤቱ አያያዝ ኖረው።

ሦስተኛው ጥምቀት ላይ አቻምየለህ ከማዶው ደብር ከመጣ ይግዛው ከሚባል ጎረምሳ ጋር ገጠመ። ይግዛው የባልቴት ልጅ ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ቂምም አልነበራቸውም። የመጀመሪያዋን ምት ከአናት ሰነዘረ። የአናት ምት በማዶው ደብር ለሕፃን መጀመሪያ የምትሰጥ፣ ሰው ሰላምታ እንደሚሰጥ ለመጀመሪያ ያህል የምትሰነዘር ናት፤ ማንም ይመክታታል፤ የዋንዛ ውኃ ጎረምሶች ግን ቀላል ናት ብለው አይሰነዝሯትም ነበር። አቻምየለህ ክንዱን አነሣ፤ ክንዱ ግን ጆሮው አጠገብ ደርሶ ቆመ። ሽመሉ አናቱ ላይ አረፈ፣ ልጁም ሳይናገር ወደቀ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ትጓደድ ከሴቶቹ መካከል ሆና ዓይኗን ሳትነቅል ታይ ነበርና ክንዱ ሲቆም አይታለች። ለቅሶው ላይ ደረቷን እየመታች ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው ይባላል፤ «የልጄን ክንድ ማን ያዘብኝ?» አልቃሾቹ ያንኑ ተቀበሏት። ሰዎች ዓይነ ጥላ ነው፣ የሰው ዓይን ነው አሉ። በስንሻው አንጀት ግን የሚስቱ ጥያቄ ገብቶ ቀረ። ሲያርስ ይሰማዋል፣ ሲበላ ይሰማዋል።

ይግዛው ደም ፈላጊ እንዳይነካው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ደወል ይዞ ነበር። በአርባው ሽማግሌዎች ዋንዛው ሥር ተቀመጡና፣ የጨዋታ ሞት ነው፣ ደም አይፈለግበትም፣ ካሳ ግን ይገባል ብለው ስንሻውን ጠየቁት።

«ከብት አልፈልግም» አለ ስንሻው። «ይግዛው መመከት ያስተምረኝ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «አያ ስንሻው፣ ሃምሳ አምስት አልፎሃል እኮ» አለው አንዱ። «ደግሞስ በዚህ ትከሻ?»

«በዚሁ ትከሻ።»

አገሩ በሙሉ ሊገድለው ነው አለ። ተምሮ፣ እጁ ሲለምድ፣ በጨዋታ ሰበብ ልጁን በገደለበት መንገድ ሊገድለው ነው አለ። የይግዛው እናት እግሩ ሥር ወድቃ እንዳይሄድ ለመነችው። ይግዛው ግን፣ «ቢገድሉኝም ደሜ የሳቸው ነው፣ እማዬ» ብሎ በማግሥቱ ወንዙን ተሻገረ።

ስንሻው ራሱ ምን እንደፈለገ ያውቅ ነበር። የልጁን ክንድ የያዘውን ማወቅ ፈልጓል። ያች ምት የማትመከት ከሆነች ዕጣው ነው ብሎ ይቀበላል፤ የምትመከት ከሆነች ግን አንድ ያዥ አለ ማለት ነው። ያንን ሰው፣ ወይም ያንን መንፈስ፣ በስሙ ሳይጠራው መሞት አልፈለገም።

የመጀመሪያዋ ቀን ባዶው አውድማ ላይ ተገናኙ። ይግዛው፣ «እስቲ ሽመሉን ያንሡት» አለው። ስንሻው በቀኙ አነሣ፤ ክንዱ ጆሮው አጠገብ ቆመ። ይግዛው ያንን ክንድ ብዙ አየው፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሽመሉን ተቀበለውና በሌላው እጁ አስያዘው። «በግራዎ እንጀምራለን፣ አባቴ» አለ። ስንሻው ለትከሻው አዝኖለት መሰለው።

ሁለት ዓመት ተማረ። ግራ እጁ ከጅራፍ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረምና ሽመሉ ከመዳፉ እየሾለከ እግሩን ይመታው ነበር። ክርኑ አበጠ፣ ጣቱ ተላጠ፣ እግሩ ከተተከለበት አልነሣ እያለ ስንቴ በግንባሩ ተደፋ። ወደ ገበያ የሚያልፉ ሰዎች አጥር ላይ ተደግፈው፣ «አያ ስንሻው፣ ዘንድሮ ልትዳር ነው እንዴ?» ይሉት ነበር። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይሰነዝራል። ትጓደድ በመጀመሪያው ዓመት ይግዛው ሲመጣ በሯን ትዘጋ ነበር። በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቀን ምንም ሳትናገር፣ አንድ ዋንጫ ጠላ ከአውድማው ካብ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። ይግዛው ጠላውን ጠጥቶ ዋንጫውን አጥቦ መለሰ።

ስንሻው ሰው ማን አስተማረህ ሲለው፣ «የክንድ አባቴ» ይል ጀመር። መጀመሪያ ለምሬት ነበር ያላት፤ ልጄን ቀብሬ ከገዳዩ አባት አገኘሁ ለማለት። እያደረ ግን ምሬቱ ወጣላት፤ ሽማግሌው ልጅ እግሩን ጎረምሳ ከልቡ አባቴ ይለው ጀመር።

ይግዛው ግን አንዲት ምት አልሰነዘረለትም፤ የአናቷን። ስንሻው ሲጠይቅ፣ ገና ነው፣ ገና ነው እያለ ያሳልፋታል። ሁለተኛው ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ስንሻው አውድማው መካከል ቆመ።

«ዛሬ ያችን ስጠኝ።»

«ትቅርብዎ፣ አባቴ።»

«ሁለት ዓመት የመጣሁት ለእሷ ነው።»

ይግዛው ሰነዘረ። ስንሻው በግራው መከታት። ደገመ፤ መከታት። ሦስተኛዋን ከእውነት ሰነዘራት፣ ሽመልና ሽመል ተገናኝተው ጮኹ፣ ሽማግሌው ግን ንቅንቅ አላለም። ፊቱ በደስታ ፈካ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ።

«ይህችማ የሕፃን ምት ናት» አለ። «ታዲያ ልጄ እንዴት አቃተው? ማን ያዘበት?»

ይግዛው መሬት መሬት አየ። ስንሻው ይህን ሲያይ ሽመሉን ከግራው ወደ ቀኙ አዛወረ።

«በቀኝዎ አይሆንም!»

«ሰንዝር ብዬሃለሁ።»

ይግዛው እንባው እየወረደ፣ ቀስ አድርጎ ሰነዘረ። የስንሻው ክንድ ተነሣ፤ ጆሮው አጠገብ ደርሶ ቆመ። የይግዛው ሽመልም አናቱን ሊነካ ጣት ሲቀረው ቆመ። ስንሻው ዓይኑን ብቻ አዙሮ የገዛ ክንዱን አየ፤ የታጠፈውን ክርን፣ የተጋደመውን ሽመል። የስንሻው ቤት አያያዝ። በጓሮው ውስጥ የማሽላ አገዳ ይዞ የሚስቅ የአሥር ዓመት ልጅ ትዝ አለው። ልጁ መጀመሪያ ክንዱን ከአናቱ በላይ አንሥቶ ነበር። «ኧረ እንደ እኔ!» ብሎ ክርኑን ይዞ ያወረደው እሱ ነው።

«ታውቅ ነበር?» አለ።

«ከመጀመሪያዋ ቀን። ክንድዎን ሲያነሡ አየሁት።»

«ለምን ደበቅኸኝ?»

«ይግዛው ነው የገደለብኝ እያሉ ቢኖሩ ይቀልዎታል ብዬ ነው» አለ ይግዛው።

ስንሻው አውድማው ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ ይባላል። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰም፣ ለትጓደድም አልነገራትም። በቃና ዘገሊላ ዕለት ግን፣ ጎረምሶቹ ሽመላቸውን ይዘው ሲሰለፉ፣ ከዋንዛው ሥር ወጥቶ ሜዳው መካከል ቆመ። ሰው ሁሉ ይግዛውን ሊጠራ ነው አለ። እሱ ግን ቀኝ ክንዱን አነሣ፤ ክንዱ ጆሮው አጠገብ ቆመ።

«የአቻምየለህን ክንድ የያዘው ይህ ነው» አለ። «አባት ልጁን ያለውን ብቻ አያስተምርም፤ የጎደለውንም ያስተምራል። እኔ የተሰበረ ትከሻዬን አስተማርሁት። እናንተም ልጆቻችሁን ለሌላ ሰው ስጡ።»

ሽመል በወጣበት ሜዳ ሴት አትሻገርም ነበር። ትጓደድ ተሻገረች። ሁሉም ልትረግመው መስሎት ነበር፤ የማዶዎቹ ዛሬም በጥፊ መታችው ይላሉ፣ ግን ያን ጊዜ ከኋላ ነበሩና ምን አይተው? ትጓደድ ባሏ አጠገብ ደርሳ የተነሣውን ክርኑን ከሥር ያዘች። ወደ ላይ ገፋችው። አልሄደም። እንደገና ገፋችው፣ አልሄደም፤ እንደዚያው ክርኑን እንደያዘች ሁለቱም ቆመው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ስንሻው ምክቶሽ አልገጠመም። የጥምቀት ጊዜ ሲደርስ ወንዙን ተሻግሮ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆም ነበር፤ ለምን ሲሉት፣ ልጆቹ ዓይናቸው ክንዴ ላይ እንዳያርፍ ነው ይላቸው ነበር። ሲሞት ቃሬዛውን ከራስጌው የተሸከመው ይግዛው ነው። የአገሩ አባቶችም አንድ በአንድ ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ደጅ መስደድ ጀመሩ፤ እነሱም ከወንዙ ወዲያ፣ ስንሻው ከቆመበት ቆሙ።

እናቶቹ ደግሞ ዛሬም ከዋንዛው ሥር የልጃቸውን ክርን ከሥር ይዘው ይገፋሉ። ሽመሉ የላመውን ቅርንጫፍ ሲነካ፣ በሜዳው ጩኸት መካከል ልጁ ብቻ በሚሰማት ድምፅ፣ «ማንም አይያዝብህ» ይሉታል።