የደርበው አዲስ ሞተር

የኮምቦልቻ ሰው የቸኮለን ሲገሥጽ የሚጠቅሳት አንዲት አባባል አለች። የሚተርቷት ብዙ ናቸው፤ የተወለደችበትን ዳገት የሚያውቁ ግን ጥቂት።

ደርበው የሚባል ባለሚኒባስ ነበር። የመኪናው አሮጌ ሞተር ዳገት ባየ ቁጥር ተሳፋሪ የሚያስወርድ ሆነበትና የአባቱን ባሕር ዛፍ ሸጦ አዲስ አስገጠመ። መካኒኩ ጋሽ እንድሪስ ሞተሩን በቆመበት አስነሥተው፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እንደ ሐኪም ሲያዳምጡ ዋሉ። ከዚያ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ሰው እንዳይጭን፣ በዳገት እንዳያስጨንቀው አስጠነቀቁት።

ደርበው ግን ቀጠሮ ነበረው። የፊታችን እሑድ የእህቱ ልጅ ሙሉዓለም ሙሽሪትን ሊያመጣ ደሴ ይወጣል። ሙሽራውን ማን ይጫን በተባለ ጊዜ በሙሽራው አባት ወገን አጎት የሆኑት አቶ ጥላዬ፣ ያቺ ቆርቆሮ የሀረጎን ዳገት ሳትወጣ ሙሽሪት ታረጃለች ብለው ቤተ ዘመዱን አስቀውበታል።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ሞተር የገዛሁት ልነዳው ነው ወይስ ላስታምመው?»

«አዲስ ሸክላ ድስት ሳይሟሽ ወጥ ይሠራበታል?»

«ይሄ እኮ ብረት ነው።»

«ብረትም ይላመዳል፣ ልጄ። ሳይላመድ የሚያረጅ ሰው ብቻ ነው።»

እሑድ ጠዋት ደርበው ሙሽራውን ከጎኑ፣ ሚዜዎቹን ከነከበሯቸው ከኋላ ጭኖ ተነሣ። እውነት ለመናገር፣ እስከ ሀረጎ እግር ድረስ ቀስ ብሎ ነው የነዳው። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ግን የአቶ ጥላዬ ፒካፕ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈው፤ እሳቸውም በመስኮት እጃቸውን አውጥተው፣ እንደ ቄስ ባረኩት።

ደርበው ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠ። የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ነካ፤ ሙሽራው አይቶ አሳየው።

«አጎቴ፣ ይሄ ነገር ደህና ነው?»

«ሰርግ ስለሆነ ሞቆት ነው» አለ ደርበው።

ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ሚዜዎቹ ለከበሮው አጃቢ የመጣ መስሏቸው ጭፈራውን አደመቁት። ፒካፑን ሊደርስበት ጥቂት ሲቀረው ከሥር አንድ ነገር ጮኸ፤ ከዚያ ሞተሩ ነክሶ ደረቀ።

መንገዱ ተዘጋ። ከኋላ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጥሩምባ ያስጮኹ ጀመር። ደርበው ወርዶ ሞተሩን ከፈተ፤ ነዳጁ የተቀየጠ ይመስለኛል አለ። ሚዜዎቹ ብቻቸውን ገፍተው ሲያቅታቸው ሙሽራው ነጭ ኮቱን ሳያወልቅ ትከሻውን ለሚኒባሱ ሰጠ። አቶ ጥላዬ ተመልሰው መጡና ሙሽራውን፣ የሙሽሪት ቤተሰቦች ደሴ በራቸውን ከፍተው እንደሚጠብቁት፣ ገፍቶ ሲጨርስ እጁን ታጥቦ እንዲገባ ነገሩት።

ጋሽ እንድሪስ ከኋላ በመጣው የሰርገኞች አውቶቡስ ውስጥ ነበሩ። ወርደው ወደ ሞተሩ ሳይጠጉ ቆሙ፤ የሚደመጥ ነገር አልቀረም። ደርበው ዓይናቸውን ላለማየት ጎማውን ሲመለከት፣ እሳቸው በግራሶ የተለወሰውን የሙሽራውን ኮት አይተው ቀስ ብለው አሉ፦ «ያልተሟሸ ሞተር፣ ሙሽራ ያስገፋል።»