የጓንጉል ሙክትና የአራሷ መረቅ

ሰው ነገር ባየ ቁጥር ጣል የሚያደርጋት አንዲት ተረት አለች። ጣል አድርጓት ያልፋል እንጂ ከማን ደጅ እንደወጣች አይጠይቅም። እኔ ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ወሎ ውስጥ ጓንጉል የሚባል፣ ከእጁ ውሃ ጠብ የማይል ገበሬ ነበረ። ሁዳዴ እንደገባ መከታ የሚባለው ውሻው በጎቹን ሊያድን ከጅብ ተናነቀና እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው መጡና እግሩን በሸንበቆ አሰሩለት።

"አጥንቱ ይገጥማል። ደሙ ግን አልቋል፤ መረቅ ካላገኘ አይነሳም። ያንን ሙክት እረድለት" አሉት።

"ለፋሲካ ያደለብኩትን? ለውሻ? ደሞስ በሁዳዴ ክርስቲያን ቤት ይታረዳል?"

"የምትጾመው አንተ፣ የታመመው እሱ!"

ሚስቱ ውዴም፣ "አንተ ሰው፣ በጎችህን ያተረፈልህ እሱ አይደለም ወይ?" ብላ ለመነችው።

ጓንጉል ሁለት ቀን ሙሉ በውሻውና በሙክቱ መካከል ሲመላለስ ዋለ። የውሻውን ጆሮ ዳበስ፣ የሙክቱን ላት ዳበስ ያደርጋል። እውነቱን ለመናገር ውሻውን ይወደዋል፤ ላቱን ግን ይብስ ይወደዋል። በሦስተኛው ቀን "ከቤተሰቡ ጋር ይጹም፣ ጾም መድኃኒት ነው" ብሎ የሽሮ ፍትፍት አቀረበለት። መከታ አሸተተና ፊቱን አዞረ።

ያን ሰሞን የጎረቤቱ የዘሃራ ልጅ አራስ ነበረች። እስላም ቤት ሁዳዴ የለም፤ ለአራሷ ይታረዳል፣ መረቁ ይንተከተካል። መከታ በሦስት እግሩ ተጎትቶ፣ በአጥሩ ሾልኮ ደጃፏ ላይ ወደቀ። ዘሃራም "አብሽር፣ አንተም አራስ ነህ" እያለች የተረፈውን በገል ታጠጣው ጀመር።

ጓንጉል በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ ደስታው ወሰን አጣ። "ውዴ፣ አየሽ? ሙክቴም ተረፈ፣ ውሻዬም ሊድን ነው!"

ለፋሲካ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ገና ሲመሻሽ ጅቡ ተመልሶ መጣ። መከታ ድኖ ድምፁ አገር ያናውጥ ነበር፤ የጮኸው ግን ከዘሃራ ፍየሎች በር ላይ ነው። ጅቡም እሱን ሸሽቶ ጭር ወዳለው የጓንጉል ግቢ ገባና ሙክቱን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ጓንጉል ገመድ ይዞ ውሻውን ሊወስድ ቢሄድ፣ መከታ ጥርሱን አገጠጠበትና የጋቢውን ጫፍ ዘነጠለው። ይሄኔ ዘሃራን ከሽማግሌው ከሸህ ይማም ፊት አቆማት።

"ውሻዬን አስክዳ ቀማችኝ!"

"እኔ መረቅ ሰጠሁት እንጂ ምን መከርኩት? ይጥራውና ይውሰደው" አለች።

ጓንጉል እየተቅለሰለሰ፣ "መከታ! መከታዬ!" አለ። ውሻው ከዘሃራ እግር ሥር ብድግ ብሎ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸበት። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሸህ ይማምም ሳቃቸውን እንደምንም ዋጥ አድርገው፣ "ጓንጉል ልጄ፣ በማንም አትፍረድ፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል" አሉት።