የወይዘሮ አልጣሽ የተኛ አበባ

ይህ ታሪክ የሚያበቃበት አባባል ዛሬ ዛሬ በግብዣ ላይ ስለሚነገር ሰው ሁሉ የሆድ ነገር ይመስለዋል። መነሻው ግን የአበባ መደብ ነው።

ደብረ ሲና ውስጥ ወይዘሮ አልጣሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ደጃቸው ላይ ቀይ አበባ ነበራቸው፤ ሥሩ የሽንኩርት ራስ የሚመስል፣ በጋውን ቅጠሉን አራግፎ መሬት ውስጥ የሚተኛ፣ ዝናብ ሲነካው የሚነቃ። ሲዳሩ እናታቸው ከራሳቸው መደብ ከፍለው የሰጧቸው ሥር ነው። እሳቸውም በግንቦት ልጃቸውን ስመኝን ለምንተስኖት ሲድሩ ከፍለው ሊሰጧት አስበዋል።

በዐቢይ ጾም ስመኝን አስከትለው ጠበል ሊሄዱ ሲነሡ ቤቱን ለምንተስኖት አደራ ሰጡ።

«መደቡን ውሃ እንዳታጠጣብኝ፤ ተኝቷል።»

«እኔ እያለሁ በጥም ይሙት፣ እማማ?»

«ግድ የለም፣ አትድከም።»

ምንተስኖት የጨዋ ልጅ ነው። በጨዋ ቤት «ልሂድ» ማለት ያዙኝ፣ «አትድከም» ማለትም ድከም ማለት ነው። ደግሞስ የትኛዋ አማት ናት አፍ አውጥታ «ውሃ ቅዳልኝ» የምትል? ስለዚህ ጠዋት ማታ ከምንጭ እየቀዳ አጠጣ።

ጎረቤታቸው አቶ ደምሰው በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «አታጠጣ አላለችህም?» ሲሉ ጠየቁት።

«ብለውኛል። ይሉኝታቸው አይጣል ነው።»

አቶ ደምሰው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ወይዘሮ አልጣሽ ለፋሲካ ተመለሱ። ዝናቡም ጣለ፤ መደቡ ግን ጭጭ አለ። ቢቆፍሩት ሥሩ እንደ ገንፎ ላልቶ ይሸታል።

«አጠጥተኸዋል?»

«አዎ እማማ። ምንም አልደከመኝም።»

«እንግዲያው ልጄም ትቅርብህ» አሉት። «አይሆንም ስትልህ አፍራ ነው ልትል ነው።»

ምንተስኖት ሽማግሌ እንዲሆኑለት አቶ ደምሰውን ቤቱ ጠራ፤ በግም አረደ። አቶ ደምሰው በሉ፣ «እሞክርልሃለሁ» አሉ፣ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይቺን ብቻ፣ ጋሼ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ።»

«ጠገብኩ እኮ ነው የምልህ፣ ልጄ።»

«ስለ ስመኝ ሲሉ» አለና ጉርሻውን ከአፋቸው ደቀነው።

አቶ ደምሰው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ወደ ወይዘሮ አልጣሽ ቤት እንደማይሄዱ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ከደጃፉ ሲደርሱም ዞር ብለው፣ «ለተኛ ሥር ውሃ፣ ለጠገበ ሰው በሞቴ» አሉት።