ደቦ የተጠራው አጫጅ

አንድ አጫጅ ነበረ። ከልጅነቱ ጀምሮ በሰው አገር እየዞረ በቅጥር ያጭድ ነበር። የዚያ ሥራ ሕጉ አጭር ነው፤ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ የቀረ ጦሙን ያድራል። እሱም ብዙ ሌሊት ጦሙን አድሯል። ስለዚህ ዓይኑ ከያዘው እህል ይልቅ የጎኑን ሰው ማጭድ መከተል ለመደ።

ጎልምሶ ሚስት ሲያገባ በሚስቱ አገር ጎጆ ቀለሰ። በመጀመሪያው መኸር አንድ ገበሬ ጤፉ ስለ ደረሰ መንደርተኛውን ለደቦ ጠራ። እሱንም ጠራው። ሰውየው ደቦ ውሎ አያውቅም። «ዛሬ ወደ ኋላ ከቀረሁ በዚህ አገር ከሰው አልቆጠርም» ብሎ ፈራ።

ማሳው ዘንድ ሲደርስ ያየው ነገር ግራ አጋባው። ገና አንድ ጭብጥ ጤፍ ሳይታጨድ ጠላው በገንቦ ቀርቧል፤ እንጀራው በሌማት ሞልቷል። የእያንዳንዱን ሥራ የሚለካ ሰው ቢፈልግ አጣ። አጨዳው ሲጀመርም አንድ አንካሳ ሽማግሌ ማጭዳቸውን ይዘው መጥተው፣ ሁለት ነዶ አስረው፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ዘፈን ያወጣሉ። «እኚህ ሰው ምን ሊበሉ ነው?» ሲል አሰበ።

ከጎኑ ፈር የያዘው ጎረምሳ እጁም አፉም ፈጣን ነበር።

«አማቻችን፣ ጤፉን እያጨድከው ነው ወይስ እያባበልከው?» አለው።

አጫጁ ሁሉ ሳቀ። ሰውየው ግን አልሳቀም። አጎንብሶ ፈጠነ። ማጭዱ ጣቱን ቆረጠው፤ አፈር ነሰነሰበትና ቀጠለ።

እኩለ ቀን ላይ ለምሳ ተጠራ። ከሁሉ አስቀድሞ ማጭዱን የጣለው ያው ጎረምሳ ነው። ሰውየውን ይህም ገረመው። ቢሆንም «አሁን ነው የምደርስበት» አለና ብቻውን ማጨዱን ቀጠለ። ደጋግመው ጠሩት። አልሄደም።

በመጨረሻ ባለማሳው ራሱ እንጀራና የምስር ወጥ ይዞ መጣ። ቃርሚያው ላይ ተቀመጠ።

«ና ብላ» አለው።

«ይቺን ፈር ልጨርስና፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ወደ ኋላ ቀርቻለሁ።»

«ከማን?»

ሰውየው ቀና ብሎ አየ። ሁሉም ከዛፉ ሥር እየበሉ ነው። ማሳው ላይ የቀደመው ሰው ቀርቶ የቆመ ሰው አልነበረም።

«ያልታጨደውስ?» አለ፣ ድምፁ አንሶ።

«ማሳው የእኔ ነው። ቢቀርም የሚያሳስበው እኔን ነው። ምሳው የተሠራው ደግሞ ትናንት ነው፤ ስንት እንደምታጭድ ያን ጊዜ ማን ያውቅ ነበር?»

ይህን ብሎ ማጭዱን ከእጁ ወሰደ። የሰውየው እጅ አፈርና ደም ስለ ነበር፣ እንጀራውን በራሱ እጅ ጠቅልሎ አጎረሰው። ሰውየውም ጎረሰና አጠገቡ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላም አጨደ። ሽማግሌው ሲያወጡ ከሌሎቹ ጋር ተቀበለ። ጎረምሳው ቀድሞት ሄደ፤ በስንት እንደ ቀደመው ግን ቀና ብሎ አላየም።

ይሁኔ ልጄ፣ «እኩዮቼ ቤት ሠሩ፣ ተሾሙ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ልቤ ግን አያርፍም፤ ምን ጎደለኝ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ምንም አልጎደለህም። ክርስቶስ ደቦ ጠርቶህ ሳለ አንተ በቅጥር እየዋልክ ነው። ሥራ አልከለከለህም፤ ነገም ታጭዳለህ። ነገር ግን ገበታው የቀረበው በመስቀሉ ነው፣ አንተ ገና ማጭድ ሳትይዝ። ዓለሙም የእሱ ማሳ ነው። እስኪ ዛሬ፣ ፈሩ ሳያልቅ፣ ቁጭ በልና ያጉርስህ።