ስትነከስ የጮኸችው ረባሽ

ከወንዙ ማዶ ባለው ጫካ ትምህርት ቤት የተከፈተው በአንበሳ አዋጅ ነው። አዋጁ የበይና የተበይ ልጆች በአንድ ክፍል እንዲማሩ ያዝዛል፤ መናከስንም በጥብቅ ይከለክላል። የተከለከለ ነገር ደግሞ የለም ማለት ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ዝንጀሮ በየወሩ ወደ ቤተ መንግሥት የሚልከው ሪፖርትም ይህንኑ ሲያረጋግጥ ኖሯል። እርግጥ ነው፣ አንዳንድ ግልገል ጆሮው ጎድሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህም በሪፖርቱ ላይ «የጨዋታ ጉዳት» ተብሎ ይሰፍራል።

አንድ ቀን የእመት ሚዳቋ ልጅ ስንቄ «ወላጅ አምጪ» ተባለች። እናቲቱ ግራ ገባት። ስንቄ እንኳን ልትረብሽ፣ መናገር ከተወች ወር ሆኗታል። የግራ ጆሮዋን ጫፍ እሾህ ቆረጠኝ ብላ ነበር፤ እናቷም ማመን ስለቀለላት አምናለች።

ዝንጀሮ የረባሾችን ስም ዝርዝር ገለጠላት። ዝርዝሩን የሚይዘው የክፍል አለቃው ጎበዜ ነው፤ የአያ ጅቦ ልጅ። አያ ጅቦ የአንበሳ ግብር ቤት አዛዥ ነው። ልጁ አለቃ ይሁን ብሎ ያዘዘ የለም፤ እንዲሁ ሆነ።

«ሰኞ ስንቄ ጮኸች፤ ማክሰኞ ስንቄ ጮኸች፤ ሐሙስ ስንቄ በጣም ጮኸች» ይላል ዝርዝሩ።

«ለምን እንደጮኸች አልተጻፈም?» አለች እመት ሚዳቋ።

«ይኼ እኮ የረባሾች ዝርዝር ነው» አለ ዝንጀሮ፣ በትዕግሥት። «ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የለውም።»

እመት ሚዳቋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ማታ ልጇን እቅፍ አድርጋ ጠየቀቻት፤ ስንቄም በመጨረሻ ጆሮዋን ማን እንደነከሰው ተናገረች። በማግስቱ እናቲቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ ስብሰባ ካልተጠራ አልነሳም አለች።

ቅዳሜ ወላጆች ከነልጆቻቸው ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። የቤተ መንግሥቱ መልእክተኛ አሞራም ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ይታዘባል።

በመጀመሪያ ጦጣ ተነሳች። «እኛም ልጆች ሆነን ተነክሰናል፤ ምን ሆንን? ልጅ ካልተነከሰ በምን ይጠነክራል?» አለች። የእሷ ልጆች የሚማሩት ዛፍ ላይ ሆነው ነው። ኤሊ ቀጠለ። «የኔ ልጅ ሰው ሲመጣበት ራሱን ቀብሮ ይቀመጣል፤ እስካሁን ማንም አልነካውም። ጆሮን እንዲያ አቁሞ መሄድስ ምን ይሉታል?»

አያ ጅቦ ሳቀ። «የልጆች ጨዋታ ነው እኮ፣ እመት ሚዳቋ! ጎበዜ ስለሚወዳት ነው።»

ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወገኖቼ፣ ባህላችን እርቅ ነው። ሁለቱ ልጆች እዚሁ መሐላችን ይሳሳሙና ነገሩ ይብቃ። ስንቄ፣ ነይ ልጄ። ነይና ጉንጩን ሳሚው።»

ጎበዜ ጉንጩን አዘጋጀ። አፉንም ትንሽ ከፈት አደረገ። ስንቄ ከእናቷ ጉያ ገባች።

እመት ሚዳቋ ተነሳች። «ልጆች ከታላላቆቻቸው ነው የሚማሩት፤ መጀመሪያ እርስዎ ይሳሙት» አለች።

«እኔ?» አለ ዝንጀሮ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ። «እኔ ከማን ጋር ተጣልቼ ነው የምታረቀው?»

«ልጄም አልተጣላችም። የተነከሰች ናት።»

 ከዚያ የጥንቸል ልጅ ወጣና ከስንቄ አጠገብ ቆመ፤ ጭራ የለውም። የድኩላ ልጅ ተከተለ፣ የቆቅ ጫጩት ተከተለች። እናቶቻቸው ይጎትቷቸዋል፤ እነሱ ግን አልተመለሱም። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሙሉ ክፍል፣ እያንዳንዱ አንዳች ነገር ጎድሎት፣ ስንቄን ከቦ ቆሞ ነበር።

አሞራው አንገቱን አስግጎ አያቸው። አያ ጅቦ አሞራውን አየ፤ ፊቱም በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ዘሎ የገዛ ልጁን ጆሮ በጥርሱ ያዘና ቦጨቀው።

«መናከስ ነውር ነው አላልኩህም!» አለ በሞላ አፉ። «የሰውን ልጅ ትነክሳለህ? አሁን ገባህ?»

ጎበዜ አልጮኸም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብሎ ጠበቀ።

ጉባኤው በደስታ ፈነዳ። ጦጣ አጨበጨበች፣ ኤሊም አጨበጨበ። ዝንጀሮ «ይኼ ነው አባት ማለት!» እያለ በቃለ ጉባኤው ላይ ችግሩ ከሥሩ መነቀሉን ጻፈ። እመት ሚዳቋም ልቧ ቅቤ ጠጣ፤ ይበለው አለች፣ የፊት እግሮቿንም ለጭብጨባ አነሳች።

ስንቄ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ተናገረች። ጎበዜን እያየች ነበር።

«እማዬ፣ እሱ ለምን አይጮህም?»

እመት ሚዳቋ እግሮቿ እንደተነሱ ቀሩ።