ጥጡና ድጅኖው

«አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ» አሉ እትዬ ብርነሽ፣ ጎረቤታቸው ዘነቡ የምርመራ ውጤቷን ለመስማት ሐኪም ቤት መሄድ አቅቷት፣ «ኧረ እትዬ፣ ያልሰማሁትን ነገር ለምን እፈራለሁ?» ብላ ብትጠይቃቸው።

ይህ ሰው ታች ሲቆፍር አማቹ፣ የሚስቱ ወንድም፣ ከላይ ገመድ ይይዝለታል። የቆፋሪ ደንብ አለ፤ ድጅኖውን አቁሞ ግድግዳውን ያዳምጣል። ጉድጓድ ከመናዱ በፊት አፈሩ ይንሾካሾካልና። ሰውየው ግን ባዳመጠ ቁጥር ልቡ ትር ትር ይላል። አንዲት ጠጠር ብትንከባለል ገመዱን ይዞ ሽቅብ! የሰፈሩ ሰው «ጦጣው ወጣ» እያለ ሳቀበት። ሲመረው ሁለቱንም ጆሮውን በጥጥ ሊጠቀጥቅ ተነሳ።

«ኧረ አንተ ሰው፣ እብድ ነህ እንዴ?» አለው አማቹ።

«ባልሰማው ይሻለኛል» ብሎ ጠቅጥቆ ወረደ።

ሰላም ያገኘ መሰለው። ቆፈረ፣ ቆፈረና ደክሞት አገጩን በተተከለው ድጅኖ ላይ አስደገፈ። ያን ጊዜ ጥርሱ ውስጥ አንድ ነገር እምምም አለ። ሞኝ! ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ብቻ የሚገባ መስሎት ነበር። አጥንትም መንገድ ነው። የመሬቱ ንዝረት በብረቱ፣ ከብረቱም በመንጋጋው አልፎ ከጆሮው ጓዳ ገባ። እዚያ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት በተጠቀለለው ጎድጓዳ ውስጥ፣ ውሃ አለ። ውሃው ሲናጥ ከፀጉር የቀጠኑ ጭራዎች ይወዛወዛሉ፤ ወሬውን ወደ አንጎል የሚልኩት እነሱ ናቸው። በሩን ማን እንደዘጋው አይጠይቁም።

አጥንት ጉምጉምታውን ያመጣል እንጂ ከየት በኩል እንደሆነ መች ይናገራል! ግራው ይናድ ቀኙ፣ አያውቅም። ዙሪያው ሁሉ አፍ ሆነበት። መንቀሳቀስ ፈራ፤ መቆምም ፈራ።

በመጨረሻ ጥጡን መዝዞ ጣለ። አሸዋው በስተግራው እንደ ጤፍ ሲንሿሿ ሰማ። ከላይም አማቹ፣ «ገመዱ በቀኝህ ነው! ያዘው!» ይላል፤ ለካ ድምፁ እስኪዘጋ ሲጮህ ኖሯል። ያዘ። እግሩ አፋፉን ሲረግጥ ጉድጓዱ ከኋላው አፉን ገጠመ።

እትዬ ብርነሽ ወደ ዘነቡ ዞሩ።

«አንቺም ጆሮሽን ጠቀጠቅሽው እንጂ አጥንትሽ ሰምቷል። የምትፈሪው ግማሹን ስለሰማሽ ነው። ግማሽ ወሬ ደግሞ ያንቀጠቅጣል እንጂ መውጫ አያሳይም። ውጤቱ ክፉ ሊሆን ይችላል፤ አልዋሽሽም፤ አሸዋውም እውነት ነበር። ግን ገመዱ በየት በኩል እንዳለ የሚነግርሽ ያው የደፈንሽው ጆሮ ነው። በይ ነጠላሽን አንሺ፤ አብሬሽ እገባለሁ።»