ሽቶ ሻጩ ሐጂ ዘይኑና ሁለቱ ብልቃጦች

«ለእሷ ጽጌረዳ፣ ለእኔ ኮምጣጤ! ሃያ ስድስት ዓመት ትዳርህን ያቆምኩት ለዚህ ነው?»

ሉባባ ይህን ስትናገር ብልቃጧን የሽቶ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጣቷን ወደ ባሏ ቀስራ ነበር። ባሏ ሙሔ የእህል ነጋዴ ነው። ገበያተኛው እየተሰበሰበ መሆኑን ስላየ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወላሂ አንድ ዓይነት ነው የገዛሁት።»

«ታዲያ አፍንጫዬ ነው የዋሸኝ? ዙበይዳ በደጄ ስታልፍ ግቢው በሙሉ ይታወዳል። እኔ ስቀባው የቀትሩ ዙህር ሳይደርስ የከረመ እርሾ ይሆናል። በሚስቶቹ መካከል ፍትሕ ያጓደለ ሰው በቂያማ ቀን ጎኑ ተጣሞ እንደሚመጣ አልሰማህም?»

ሙሔ ደነገጠ። ከሁለት ዓመት በፊት ዙበይዳን ሁለተኛ ሚስት አድርጎ ካገባ ወዲህ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ይህን ነበር። ለአንዷ ኩታ ከገዛ ለሌላዋም ያንኑ ይገዛል፤ ከአንዷ ቤት ያደረውን ያህል ከሌላዋም ያድራል። አሁን ግን የሚለው ጠፋውና ወደ ሱቁ ባለቤት ዞረ።

«ሐጂ፣ እኔ አንድ ዓይነት ነው የጠየቅሁዎት። ዞር ስል የቀየሩት ነገር አለ? እውነቱን ይንገሩኝ።»

ሰው ሁሉ ሐጂ ዘይኑን አየ።

እኚህ ሰው የኖሩት አያቶቻችን ገና ልጆች በነበሩበት ዘመን፣ ደጋውና ቆላው በሚገናኙበት ዳገት ላይ በተሠራች አንዲት የቆየች ከተማ ነው። የሰዎቹ የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያ ስለሚኖሩ የከተማዋን ስም አልጠራም። ታሪኩን ለእኛ የነገሩን የመድረሳ አስተማሪያችን ናቸው። አሳምሬ ካልጻፍኩት ጉድለቱ የእኔ እንጂ የእሳቸው አይደለም።

የሐጂ ዘይኑ ሱቅ ከመስጂዱ ግንብ ጋር የተጠጋ ነበር። ከሰላት የሚወጣ ሰው ጫማውን ሳያጠልቅ የሽቶው ሽታ ይቀበለው ነበር ይባላል። ሽቶውን የሚያዘጋጁት በገዛ እጃቸው ነው። ጽጌረዳውን በሸክላ ማድጋ ቀቅለው ትነቱን ያጠራቅማሉ፤ የሰንደል እንጨቱን ወቅጠው በሰሊጥ ዘይት ዘፍዝፈው ወራት ያቆዩታል፤ ሽታቸው የሚበረታውን ሚስክና ዝባድ በስንጥር ጫፍ ብቻ ይጨምራሉ።

አንድ ሕግም ነበራቸው። ማንም ሰው ሳይቀባ አይገዛም። በወንዶች የእጅ አንጓ ላይ ራሳቸው ጠብ ያደርጉና፣ «ሂድ፣ ሥራህን ሥራ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ የዐስር ሰላት ከተሰገደ በኋላ ተመለስ። ያኔም ከወደድከው እሸጥልሃለሁ» ይላሉ። ሴቶቹን በጓዳ የሚያስሞክሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ረሕማ ነበሩ። ምክንያቱም ጠዋት ሎሚ ሎሚ የሚል ቅባት ከሰዓት በኋላ በአንዱ ሰው ገላ ላይ ማር ማር ይላል፤ በሌላው ላይ እንደ እርጥብ ቆዳ ይሸታል። ይህን ቀድሞ የሚያውቅ የለም። በዚህ ጥንቃቄያቸው የተነሳ የገበያው ሰው አሚን፣ ማለትም የታመነ ዳኛ፣ አድርጎ መርጧቸው፣ በመስፈሪያና በሚዛን ጠብ ሲነሳ የሚፈርዱት እሳቸው ነበሩ።

ወደ ጠቡ ልመለስ። ሉባባ በሩ ላይ እንደቆመች ሐጂ ዘይኑ ነገሩ ገብቷቸው ነበር። የሸተታቸው የራሳቸው ቅባት ነው፤ ምንም አልተቀላቀለበትም። ሰዎች «ሙሽሪት» እያሉ የሚጠሩት የጽጌረዳ ቅባት ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሉባባ ራሷ ሙሽራ ሳለች በዚያው ጓዳ ሞክራው ነበር። ያን ዕለት ዐስር ሲደርስ ገላዋ ላይ ያለው ሽታ ጤዛ ያረፈበት ጽጌረዳ እንደሆነ ወይዘሮ ረሕማ ለብዙ ጊዜ ሲያወሩት ኖረዋል። አሁን ዕድሜ የሉባባን ገላ ለውጦታል፤ ያ ቅባት እሷ ላይ መርጋት ትቷል። በሃያ ሁለት ዓመቷ ዙበይዳ ላይ ግን ልክ እንደ ያኔው ሆኗል። ዙበይዳ በግቢው ስታልፍ ሉባባ የምታሸትተው የገዛ ወጣትነቷን ነበር።

ጎረቤታቸው ጨርቅ ሻጩ ቃሲም በሰው መሃል ተጋፍቶ ገባ። ቃሲም ነገረኛ ነው፤ አሚንነቱንም ለራሱ ሲመኝ ቆይቷል።

«ሐጂ፣ ለትልቋ ኮምጣጤ፣ ለትንሿ ጽጌረዳ! ማሻ አላህ፣ እንዲህም አለ ንግድ?» አለና እጅጌውን ሰበሰበ። «ቀላል ነገር ነው። የትንሿም ብልቃጥ ይምጣና አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጄ ላይ ቀቡኝ። ይኸው ሰው ሁሉ ያሽት።»

ሐጂ ዘይኑ ብልቃጡ ላይ እጃቸውን ጫኑበት። ቃሲም ያለው ቢደረግ እሳቸው ነፃ ይወጣሉ። ነገር ግን ቅባቱ አንድ ከሆነ ጉድለቱ ከሉባባ ገላ መሆኑን ገበያው በሙሉ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ይህች ሴት በየጉድጓድ ውኃውና በየለቅሶ ቤቱ የሰው መሳቂያ ሆና ትኖራለች። ውሸት ደግሞ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ እንዲህ አሉ።

«አይሆንም፤ ብልቃጡ አይመጣም። ሙሔ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ባለቤቱ ሳይሞክር አልሸጥም የምል ሰውዬ፣ የዒድ ዋዜማ ነው፣ ሉባባም ለቅሶ ሄዳለች ስትለኝ ሕጌን ጥሼ ሸጥኩልህ። ገንዘብህን እመልሳለሁ። ልጄ ሉባባ፣ አንቺም አፉ በይኝ። ብልቃጥሽን ይዘሽ ግቢ።»

«ሰማችሁ? አመኑ!» አለ ቃሲም።

ሉባባ ብልቃጧን አንስታ ወጣች። ሙሔ አንገቱን ደፍቶ ተከተላት።

የቃሲም ምላስ ከዚያ ቀን በኋላ አላረፈም። ሽቶ ሊገዙ የሚመጡት ቀነሱ። የአገር ሽማግሌዎችም በመጪው ዓርብ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ተሰብስበው አሚንነቱን ሊያነሱባቸው ተነጋገሩ። ወይዘሮ ረሕማ ይህን ሲሰሙ አላስቻላቸውም።

«ሐጂ፣ አርባ ዓመት የጠበቁትን ስም በአንድ ጠዋት ጣሉት። ሁለቱን ብልቃጥ ማስቀረብ ምን ይከብድ ነበር?»

«የሰው ልጅ ገላ ገበያ መሃል አውጥቼ ልመስክርበት?»

ሐጂ ዘይኑ ከመደርደሪያው ብልቃጦች ማውረድ ጀመሩ።

«ይልቅ ያን ቀን የቀረውን ሥራ እንሥራ፤ አልሞከረችም። ሄደሽ አስሞክሪያት» አሏቸው።

በማግስቱ ወይዘሮ ረሕማ ብልቃጦች በመሐረብ ቋጥረው ሉባባ ቤት ሄዱ። ሉባባ መጀመሪያ ፊት ነሳቻቸው። በኋላ ግን እጇን ዘረጋች። የመጀመሪያው ቀን ሰንደልና የአደስ ቅባት ነበር። ጠዋት መልካም ነበር፤ ዙህር ሲደርስ እርጥብ ጆንያ ጆንያ አለ።

«ይሄማ የሙሔ መጋዘን ነው!» አለች ሉባባ። ሁለቱም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ከዒዱ ወዲህ ስትስቅ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ዐንበር ሞከሩ፤ ራሷን አመማት።

«እትዬ ረሕማ፣ ይህን ሁሉ ተዪውና የድሮዋን ሙሽሪት አምጪልኝ። ያቺ የሰርጌ ቀን የቀባሽኝን።»

ወይዘሮ ረሕማ የዐንበሩን ብልቃጥ ከደኑ። ከዚያ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ። «ሙሔ በዒዱ ዋዜማ ሱቅ ሲመጣ፣ ‹ሉባባ ሙሽራ ሆና የተቀባችውን ስጡኝ› ብሎ ነው የጠየቀው። አንቺን ብሎ ነው የመጣው። ሁለተኛውን የጨመረው በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ ነው፣ ፍትሕ ይጓደልብኛል ብሎ።»

ሉባባ የእጅ አንጓዋን በኩታዋ ጫፍ ጠረገች።

«ይሄ ሞኝ!» አለች፤ ድምፅዋ ግን የቁጣ አልነበረም።

ያን ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከመግሪብ ሰላት በፊት፣ ዙበይዳ ከግቢው ማዶ ካለው ቤቷ መጣች። በእጇ ብልቃጧን ይዛለች።

«እትዬ ሉባባ፣ ውሰጂው። በእኔ የተነሳ ቤቱ ከሚበጠበጥ ሳልቀባ ብኖር ይሻለኛል።»

ሉባባ ልትመልስላት ፈለገች። ግን ተቀበለችው። በማግስቱ ከንጋቱ የሱብሒ ሰላት በኋላ ከዙበይዳ ብልቃጥ አንድ ጠብታ በእጅ አንጓዋ ላይ አደረገች። ለትንሽ ጊዜ ያ የድሮው ሽታ መጣ፤ የሰርጓ ቀን፣ እናቷ ፀጉሯን ሲጎነጉኑ፣ በሩ ላይ የሚጨፍሩት የሰፈር ልጆች። ዙህር ሲደርስ ለሰላት ውዱእ ልታደርግ ከኮዳ ውኃ እጇ ላይ ስታፈስ የከረመው እርሾ ሸተታት። ያው የእሷ ብልቃጥ ሽታ ነበር።

ኮዳውን አስቀምጣ ተቀመጠች። ቅባቱ አንድ ነበር፤ ሙሔ አልዋሸም፤ ሐጂም አልቀየሩም። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ገባት። ሐጂ ዘይኑ ይህን ያን ቀን ያውቁ ነበር። ብልቃጡ ላይ እጃቸውን የጫኑት ለራሳቸው አልነበረም።

ወይዘሮ ረሕማ በመጨረሻ ያመጡት ቅባት ጽጌረዳ የሌለበት ነበር። አምስት ዓመት የቆየ ሰንደል ነው፤ ዝባድ በስንጥር ጫፍ ብቻ ተነክቶበታል። ጠዋት ሲቀቡት አፍንጫን ይጎረብጣል፤ ሉባባ ልታጥበው ፈልጋ ነበር። ዐስር ሲደርስ ግን ከሣጥን የወጣ ንጹሕ ኩታ ሽታ ሆነ፤ ውስጡ ትንሽ ሙቀት ነበረው። ሉባባ እጇን ደጋግማ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«ሙሽራ ሙሽራ አይልም» አለች።

«አይልም» አሉ ወይዘሮ ረሕማ።

«ግን ጥሩ ነው።»

ጁሙዓ ደረሰ። ሰላት ካበቃ በኋላ ሽማግሌዎቹ በቃሲም ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ሐጂ ዘይኑ የአሚንነታቸው ምልክት የሆነውን የገበያውን መስፈሪያ ሊያስረክቡ ታቅፈውት መጥተዋል። ንግግሩ ሳይጀመር ሉባባ መጣች፤ ዙበይዳ ከኋላዋ ነበረች። ሉባባ ሁለቱን ብልቃጦች በሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጠች።

«ቃሲም፣ ያን ቀን እጄ ላይ ቀቡኝ ብለህ ነበር። አምጣ እጅህን።»

«እኔ ሙሽራ ነኝ እንዴ?» አለ ቃሲም። ሰው ሳቀ። እምቢ ማለት ግን አልቻለም፤ በራሱ አፍ የጠየቀው ነው።

«ልጄ፣ ይህ አያስፈልግም» አሉ ሐጂ ዘይኑ።

«ሐጂ፣ እኔ ያስፈልገኛል» አለች።

ከሰዉ መሃል ተቀምጦ የነበረው ሙሔ ተነስቶ የአንዱን ብልቃጥ በቀኝ፣ የሌላውን በግራ አንጓው ላይ ቀባው። ቃሲም ወዲያው ሊያሸት ሲል ሽማግሌዎቹ፣ «በሐጂ ሕግ ነው፤ እስከ ዐስር» ብለው ከለከሉት። እናም ገበያው ጠበቀ። ቃሲም እጆቹን ከገላው አርቆ፣ ክንፉን እንደሚያደርቅ ወፍ ወዲያና ወዲህ ሲል ዋለ። ምሳ ሲቀርብለት፣ «በየትኛው እጄ ልብላ?» እያለ ሲነጫነጭ ልጁ አጎረሰችው።

የዐስር ሰላት ተሰገደ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ ቀኙን አሸተቱ፤ ግራውን አሸተቱ፤ እንደገና ቀኙን።

«አንድ ነው» አሉ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት። «ወላሂ አንድ ነው።»

ቃሲም ራሱ አሸተተ። ፊቱን አጨማደደና፣ «እሺ፣ አንድ ከሆነ ታዲያ ያን ቀን የሸተተው…» አለና ወደ ሉባባ ዞረ። ሰው ሁሉ አብሮት ዞረ።

ሐጂ ዘይኑ አላስጨረሱትም።

«ቃሲም፣ ለአንዲት ጠብታ ቅባት እስከ ዐስር ጠበቅን። ለሰው ሲሆን ከዚያ ረዘም አድርገን እንጠብቅ።»

ቃሲም እጅጌውን ወደ ታች ሳበ። ሽማግሌዎቹ መስፈሪያውን ለሐጂ መለሱላቸው።

ያ ሱቅ ዛሬ የለም፤ በቦታው ስልክ ይጠገንበታል። ሽቶውም ከሩቅ አገር በካርቶን ታሽጎ ይመጣል፤ ሰው ክዳኑን አሽትቶ ይገዛል፤ የዐስር ሰላት እስኪሰገድ የሚጠብቅ የለም። እኔ «ለሰው ሲሆን ከዚያ ረዘም አድርገን እንጠብቅ» የሚለውን ንግግር መጀመሪያ ስሰማው ሐጂ ዘይኑ ስለ ራሳቸው ስም የተናገሩት መስሎኝ ነበር። ሰው ሳያጣራ ስማቸውን ስላጠፋ የወቀሱት መሰለኝ። አሁን ሳስበው እንዲያ አይደለም። ስማቸው በዚያች ሰዓት ተመልሶላቸው ነበር፤ ለራሳቸው የሚለምኑት ነገር አልነበረም። የተናገሩት ለሉባባ ነው። የቃሲም ጥያቄ ሳያልቅ ሊሸፍኗት ፈልገው ነው። የሙእሚንን፣ የአማኝን፣ ነውር የሸፈነ አላህ ነውሩን ይሸፍንለታል እያልን ስንማር ቀላል ይመስለኝ ነበር። ግን እሳቸው የሸፈኑት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ስማቸውን ሲያጡ፣ አንዴ ስማቸውን ሲያገኙ። ሁለተኛው ይበልጥ የሚከብድ ይመስለኛል፤ ሰው ነፃ ሲወጣ ደስታው ሌላውን ያስረሳዋልና።

ሉባባ ያን ቀን የሰዉን ዓይን አልሸሸችም። ከተቀመጠችበት ተነስታ አንዱን ብልቃጥ ለዙበይዳ ሰጠቻት። ሁለተኛውን እዚያው በረንዳው ላይ ተወችው። ኩታዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ በሽማግሌዎቹ ፊት ቀስ ብላ አለፈች። በሐጂ ዘይኑ አጠገብ ስትደርስ ጥቂት ጎንበስ አለች፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። ከዚያ የቤቷን ዳገት ይዛ ሄደች።